ሁለተኛው ስልክ፦ ሥራ ለሚጀምሩ ወጣት ቼሎ ተጫዋቾች

የቼሎ (በጉልበት መሀል ተይዞ በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ የክር መሣሪያ) ትምህርቴን በጨረስኩ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ጮኸ። "አንዱ ቼሎ ተጫዋቻችን ታሟል። ማክሰኞ ኮንሰርት አለን። ትችያለሽ?" አሉኝ። "እችላለሁ" አልኩ። ምን እንደሚጫወቱ እንኳ አልጠየቅኩም። ደስታው አፌን ያዘው።

ኖታው እጄ የገባው እሁድ ማታ ነው። ሌሊቱን ሠራሁት። ሰኞ ልምምድ ስገባ ጣቶቼ ሙዚቃውን ያውቁት ነበር። ግን ሌሎቹ ሰባት ቼሎዎች ደጋናቸውን (ክሩን የሚፈትጉበትን ዘንግ) ሲገፉ እኔ እስባለሁ፤ እነሱ ሲስቡ እኔ እገፋለሁ። የደጋን አቅጣጫውን ከመሪያቸው ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። የመድረኩ ወለል ደግሞ የተወለወለ እንጨት ነው። የቼሎዬ የብረት እግር በየሁለት ደቂቃው ይንሸራተታል። የብረቱን ጫፍ ይዞ የሚያስቆም ነገር አልያዝኩም ነበር። ኮንሰርቱ አለፈ፤ አመስግነው ሸኙኝ። ከዚያ በኋላ ለአንድ ዓመት ከአራት ወር አልደወሉም።

አሁን ከተማሪዎቼ ጋር ስለ ሥራ ስናወራ መጀመሪያ የምነግራቸው ይህንን ነው። የመጀመሪያው ስልክ በመምህር ጥቆማ ወይም በአጋጣሚ ይመጣል። ሁለተኛውን የምታመጡት ግን ራሳችሁ ናችሁ። ለጀማሪ ቼሎ ተጫዋች ሥራ ማለት ሁለተኛው ስልክ ነው። ከታች የጻፍኩት ሁሉ ለእሱ መዘጋጃ ነው።

"እሺ" ከማለታችሁ በፊት

ስልክ አጠገብ ወረቀትና እርሳስ ይኑር። ልምምዱ ስንት ነው? መቼና የት? ፕሮግራሙ ምንድን ነው? ክፍያው ስንት ነው? መቼስ ይከፈላል? የመጓጓዣ ወጪ የማን ነው? ምን ዓይነት ልብስ ይለበሳል? ይህን ሁሉ መጠየቅ ነውር አይደለም። እንዲያውም የሚደውልላችሁ ሰው ሥራ የምታውቁ መሆናችሁን የሚረዳው ከጥያቄያችሁ ነው። ከዚያ "በአንድ ሰዓት ውስጥ መልስ እሰጣለሁ" በሉ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥም መልስ ስጡ። የማትችሉ ከሆነ ቶሎ "አልችልም" ማለት ደዋዩን ያግዘዋል። ከቻላችሁ ጎበዝ የምትሉትን ሌላ ተጫዋች ጠቁሙ። እሱም አንድ ቀን እናንተን ይጠቁማል።

ከተስማማችሁ በኋላ ክፍያውንና ቀኖቹን በጽሑፍ ላኩላቸው። አጭር መልእክት ይበቃል። ያኔ ለቼሎዎቹ መሪ ደግሞ ሌላ መልእክት ጻፉ፦ "የደጋን ምልክት ያለበትን ኖታ ማግኘት እችላለሁ?" ይህች አንዲት ጥያቄ እኔን ከዚያ ሰኞ ታድነኝ ነበር።

ቼሎዎቹ መሀል መቀመጥ

ትምህርት ቤት ዓመቱን ሙሉ ኮንሰርቶ፣ ማለትም አንድ ሰው ከኦርኬስትራ ጋር በብቸኝነት ጎልቶ የሚጫወተውን ሥራ፣ እንሠራለን። የድቮርዣክን፣ የኤልጋርን፣ የሹማንን። ድምፃችን ከኦርኬስትራው በላይ እንዲሰማ እንለፋለን። ሥራ ስንጀምር የምንቀመጠው ግን ስምንት ወይም አሥር ቼሎ መሀል፣ ብዙ ጊዜም የመጨረሻው ወንበር ላይ ነው። እዚያ የሚፈለገው ሌላ ችሎታ ነው። ያስተማረኝ ክፍል አልነበረም። ያስተማረኝ አጠገቤ የተቀመጠ አንድ አዛውንት ነው። ኮንሰርት ባለቀ ቁጥር ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ብቻ ይነግረኝ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን የነገረኝ፦ "የሰውየውን ደጋን እይ።" ሰውየው ማለት የፊተኛው መሪ ነው። ኖታ ላይ "መግፋት" ወይም "መሳብ" ተብሎ የተጻፈው አቅጣጫውን ብቻ ነው። ከደጋኑ የትኛው ቦታ ላይ እንደሚጫወት አይነግራችሁም። መሪው ጫፉ ላይ ከሆነ እናንተም ጫፉ ላይ ሁኑ። እጀታው አጠገብ ከሆነም እንደዚያው። ቦታው አንድ ሲሆን ድምፁም አንድ ይሆናል።

ሌላ ቀን የነገረኝ ደግሞ ይህ ነው፦ "ራስሽን ብቻ ከሰማሽ በዝተሻል፤ ራስሽን ጨርሶ ካልሰማሽ አንሰሻል።" ይህን ለመለካት አንድ ወር ፈጅቶብኛል። አሁንም ልምምድ ስገባ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች የማዳምጠው ባሶቹን (ከቼሎ የሚተልቁትን የክር መሣሪያዎች) ነው። ቼሎና ባስ ብዙ ቦታ ላይ አንድ መስመር በኦክታቭ ልዩነት ይጫወታሉ፤ ኖታው ያው ነው፣ የባሱ ግን ዝቅ ይላል። ቅኝታችሁ ከባሱ ጋር ከገጠመ መላው ኦርኬስትራ ይረጋጋል።

በአንድ የኖታ ማስቀመጫ ሁለት ሰው ይጋራል። ገጽ የሚገልጠው ከውስጥ በኩል የተቀመጠው ነው፤ ድምፁ ለሁለት ሲከፈል የላይኛውን መስመር የሚጫወተው ደግሞ ወደ ታዳሚው ያለው ነው። አዲስ ሰው ብዙውን ጊዜ ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ገጽ መግለጥን ልምምድ ሥሩ። አልቀልድም። ሁለት የመጨረሻ ምቶችን ትታችሁ፣ ድምፅ ሳታሰሙ፣ ገጹ ተመልሶ እንዳይወድቅ አድርጋችሁ መግለጥ አለባችሁ። የሚጋራችሁን ሰው "ቀደም ብዬ ልግለጥ ወይስ ዘግይቼ?" ብላችሁ ጠይቁ። የእያንዳንዱ ሰው ዓይን ይለያያል።

እርሳስ ያዙ፤ እስክሪብቶ በፍጹም። ኖታው ብዙ ጊዜ የተከራየ ነው። የጣት ቁጥራችሁንም በትንሹ ጻፉ፤ የሚጋራችሁ ሰው የራሱ ጣት አለው።

ከልምምዱ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። ማሟሟቂያችሁ ዝቅ ያለ ይሁን። ሁሉም እየገባ ሳለ የኮንሰርቶ ከባድ ቦታዎችን ጮክ ብሎ መጫወት ለእናንተ ማሟሟቂያ ሊመስላችሁ ይችላል። ለሰሚው ግን "እዩኝ" ነው። ስሕተት ስትሠሩ ፊታችሁን አትቀይሩ፣ ወደ ጎረቤታችሁም አትዙሩ። ጎረቤታችሁ ሲሳሳትም ቀና ብላችሁ አትዩት።

ኦዲሽን

ተተኪ ሆኖ መሥራት መንገዱን ይከፍታል። ቋሚ ወንበር የሚገኘው ግን በኦዲሽን፣ ማለትም ለዳኞች ተጫውቶ በመፈተን ነው። ብዙ ኦርኬስትራዎች ቢያንስ የመጀመሪያውን ዙር የሚሰሙት በመጋረጃ ተለይተው ነው። የቦስተን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ይህን ማድረግ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1952 ነበር። ዳኛው ስማችሁን፣ መልካችሁን፣ ጾታችሁን አያይም። የጫማ ኮቴ ሴት መሆንን ያሳብቃል ተብሎ በአንዳንድ ቦታ ጫማ አውልቆ መግባትም ተለምዷል። እኔ መጋረጃውን እወደዋለሁ። ከጀርባው የሚሰማው ድምፄ ብቻ ነው።

ዝርዝሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ግን ደጋግመው የሚመጡ አሉ። ከኮንሰርቶ የሃይድን ዲ ሜጀር የመጀመሪያው ክፍል፣ እ.ኤ.አ. በ1783 የተጻፈው። ለጆሮ ቀላል ይመስላል፤ መደበቂያ የለውም እንጂ። ከኦርኬስትራ ሥራዎች የቤትሆቨን አምስተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛው ክፍል፣ የብራምስ ሁለተኛ ሲምፎኒ ሁለተኛው ክፍል፣ የሜንዴልሶን የ"መካከለኛ በጋ ሌሊት ሕልም" ስኬርዞ፣ የሪቻርድ ሽትራውስ "ዶን ሁዋን"፣ የደቡሲ "ላ ሜር"።

እያንዳንዱ የሚፈትነው ነገር አለ። ይህን ካላወቃችሁ ወራት ትለፋላችሁ፣ ዳኛው የሚፈልገው ግን ሌላ ይሆናል። የቤትሆቨኑ መነሻ ዜማ የቼሎና የቪዮላ ነው። ኖታው ከባድ አይደለም፤ ፈተናው ነጠብጣብ ያለበት ምት (ረጅምና አጭር ኖታ የሚፈራረቁበት) ላይ ነው። ሲደክማችሁ አጭሯ ኖታ ትረዝማለች፣ ምቱም ሦስት እኩል ቦታ ወደሚከፈል ውዝዋዜ ይለወጣል። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በትንሹ ክፍልፋይ አስመቱና ዘምሩት፤ ከዚያ ተጫወቱት።

የብራምሱን ለብቻው ከኖታ ያጠና ሰው ይጠፋበታል። ቼሎው ዜማውን የሚጀምረው ከመለኪያው (ምቶች ተቆጥረው ከሚከፈሉበት የኖታ ክፍል) መጨረሻ ምት ላይ ነው፤ ሰሚው የምቱን ራስ የት እንደሆነ ወዲያው አያገኘውም። እናንተ ግን ማግኘት አለባችሁ። ቼሎው ሲወርድ ፋጎቶቹ (ወፍራም ድምፅ ያላቸው የትንፋሽ መሣሪያዎች) በተቃራኒ ይወጣሉ። ፋጎቱን በጆሯችሁ ውስጥ እየሰማችሁ ስትጫወቱ ዳኛውም ከመጋረጃው ጀርባ ኦርኬስትራውን ይሰማዋል። ለዚህ ነው ሙሉውን የኦርኬስትራ ኖታ ይዛችሁ ቀረጻ አዳምጡ የምለው።

የሜንዴልሶኑ ስፒካቶ ነው። ደጋኑ ክሩ ላይ ቀለል ብሎ ይነጥራል፣ በለሆሳስ፣ ሳይፋጠን። ቤት ውስጥ አምሮ መድረክ ላይ የሚበላሸው ይህ ነው። ስንፈራ ቀኝ እጃችን ይጠነክራል፤ ደጋኑም መንጠሩን ይተዋል።

የኔ ዝግጅት ስምንት ሳምንት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሁሉንም በግማሽ ፍጥነት እሠራለሁ፤ ማንም እንዲሰማኝ አልፈልግም። በቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት በየቀኑ ራሴን እቀርጻለሁ። ስቀርጽ አልፈርድም፤ የምሰማው በማግስቱ ነው። በዚያው ቀን ስሰማ ድካሜ ይሰማኛል እንጂ ሙዚቃው አይሰማኝም። የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት የማስመሰያ ናቸው። የሥራዎቹን ስም በቁራጭ ወረቀት ጽፌ እጠቀልላለሁ፤ ያወጣሁትን ወዲያው እጫወታለሁ። አንዳንዴ ደረጃ ሮጬ ወጥቼ ልቤ እየደለቀ እጀምራለሁ። አንዳንዴ ገና ከእንቅልፌ ስነሣ፣ ጣቶቼ ሳይሟሟቁ። ጓደኞቼን ጀርባቸውን አዙረው እንዲሰሙኝ እለምናለሁ። ቼሎ የማይጫወቱ ሰዎች ቢሆኑ ይሻላል፤ ክላሪኔት ተጫዋች የምታችሁን ነገር ፊት ለፊት ይነግራችኋል።

በሥራዎቹ መሀል ያለውን ዝምታም ተለማመዱት። ደጋኑ ክሩን ከመንካቱ በፊት ሁለት መለኪያ በውስጣችሁ ዘምሩ። ማንም አያስቸኩላችሁም።

አምስት ኦዲሽን ላይ ወድቄያለሁ፤ በስድስተኛው ገባሁ። ከየኦዲሽኑ በኋላ በዚያው ምሽት አንድ ገጽ እጽፋለሁ፦ ምን ተጠየቅኩ፣ ምን ተሰማኝ፣ የት ላይ አሳቤ ሸሸ። ገጾቹን ጎን ለጎን ሳነባቸው ነው አንድ ነገር የገባኝ። ሁልጊዜ የምበላሸው ሁለተኛው ሥራ ላይ ነበር። የመጀመሪያው ጥሩ ስለሄደ እዝናና ነበር ማለት ነው።

ስለ ውድድር

በአጭሩ፦ ተወዳደሩ፤ ሕይወታችሁን ግን አትሸጡለት። የቻይኮቭስኪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1958 ሲጀመር ቼሎ አልነበረውም፤ በ1962 ተጨመረ። የቤልጂየሙ ንግሥት ኤልሳቤት ውድድር ቼሎን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። እንግሊዛዊው ቼሎ ተጫዋች ሼኩ ካኔ-ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2016 የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኛ ውድድር ሲያሸንፍ የ17 ዓመት ልጅ ነበር፤ የሾስታኮቪችን አንደኛ ኮንሰርቶ ተጫውቶ ነው ያሸነፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ በእንግሊዝ ንጉሣውያን ሠርግ ላይ ሲጫወት ዓለም አየው። እንዲህ ዓይነት መንገድ አለ። ሌላው ዝነኛ ቼሎ ተጫዋች ዮ-ዮ ማ ግን ልጅ ሆኖ ስሙ ታውቆ እያለ ሃርቫርድ ገብቶ እ.ኤ.አ. በ1976 ተመርቋል። እሱም መንገድ ነው።

ውድድር የሚሰጣችሁ ዋናው ነገር ቀነ ገደብ ነው። አንድ ሰዓት የሚሆን ሙዚቃ በቃል ይዛችሁ ትወጣላችሁ። የዕድሜ ገደቡን አስቀድማችሁ እዩ። ለመጀመሪያው ማጣሪያ ቪዲዮ ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜ ያልተቆራረጠ አንድ ወጥ ቀረጻ። ማይክራፎኑን ሁለት ሦስት ሜትር አርቁት። ቅርብ ሲሆን የደጋኑ ፍጭት ይገንናል፣ የቼሎው ሆድ ድምፅ ይጠፋል። በቀን ከሦስት ጊዜ በላይ አትቅረጹ። አራተኛው ከሦስተኛው ተሽሎ አይቼ አላውቅም።

ቼሎውን መጠበቅ

ቼሎ እንጨት ነው። አየር ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ትንሽ መለኪያ ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጡ። ትርፍ ክር ስትይዙ አዲስ ሳይሆን ለጥቂት ቀን የተጫወታችሁበትን ያዙ። አዲስ ክር ስለሚሳብ ቅኝቱን አይይዝም፤ ክር የሚበጠሰው ደግሞ በኮንሰርት ቀን ነው። የወለል ማቆሚያውን እንደ ደጋናችሁ ቁጠሩት። የኔ ከዚያች ሰኞ ወዲህ ከሳጥኑ ወጥቶ አያውቅም።

አውሮፕላን ላይ ብዙዎቻችን ለቼሎው ሁለተኛ ወንበር እንገዛለን። ከመግዛታችሁ በፊት ለአየር መንገዱ ደውሉ፤ የሳጥኑን ልክ ንገሯቸው፤ መስማማታቸውን በጽሑፍ ተቀበሉ። ቼሎው ብዙ ጊዜ መስኮት ዳር ይቀመጣል፤ መውጫ በር አጠገብ ግን አይፈቀድም። ክሮቹን ጨርሳችሁ አታላሉ። ውስጡ የቆመችው ትንሽ ዘንግ የምትቆመው በክሮቹ ግፊት ነው፤ ከላሉ ትወድቃለች። አሮጌ ደጋን ካላችሁ ጫፉ ላይ የዝሆን ጥርስ መኖር አለመኖሩን ባለሙያ ጠይቁ። ካለ ያለ ሕጋዊ ወረቀት ድንበር አትሻገሩበት።

አካላችሁን

ይህን በልቤ ይዤ ነው የምጽፈው። በሦስተኛው ዓመቴ የግራ አውራ ጣቴ ሥር ሕመም ጀመረኝ። ኦዲሽን ደርሶ ስለነበር ልምምዴን ከአራት ሰዓት ወደ ሰባት ሰዓት አሳድጌ ነበር፣ በአንድ ሳምንት። ሕመሙን ለማንም አልተናገርኩም። "ተጎድታለች ከተባለ ሥራ የለም" ብዬ ፈራሁ። መጨረሻ ላይ አምስት ሳምንት ቼሎ አልነካሁም። ኦዲሽኑም አመለጠኝ።

የልምምድ ሰዓት በድንገት አይጨመርም። ግማሽ ሰዓት ተጫውታችሁ ተነሡ፣ ትከሻችሁን አፍታቱ። ድካምና ሕመም ይለያያሉ። ድካም ተኝታችሁ ስትነሡ ይጠፋል። መደንዘዝ፣ መውጋት፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ አቁሙና ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለመምህራችሁም ንገሩ። መድረክ መፍራትንም አትደብቁ። ታላቁ ቼሎ ተጫዋች ፓብሎ ካዛልስ እንኳ ዕድሜውን ሙሉ ከኮንሰርት በፊት ይፈራ ነበር።

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት የራሳችሁ

ካዛልስን ካነሣሁ አይቀር። እ.ኤ.አ. በ1890 የ13 ዓመት ልጅ ሳለ ባርሴሎና ውስጥ አንድ ያገለገሉ ኖታዎች ሱቅ ገብቶ የባኽን ስድስት የቼሎ ሱይቶች (ብዙ አጫጭር ክፍሎች ያሏቸውን፣ ለአንድ ቼሎ ብቻ የተጻፉ ሥራዎች) አገኘ። ያኔ አብዛኛው ሰው ለጣት ማፍቻ ብቻ ነበር የሚያያቸው። ሕዝብ ፊት ከመጫወቱ በፊት ለ12 ዓመት ያህል ብቻውን ሠራቸው። የቀረጻቸው ደግሞ ከ1936 እስከ 1939 ባለው ጊዜ ነው።

ይህን የማነሣው ለታሪኩ ውበት አይደለም። ቼሎዎች መሀል ተቀምጦ መሥራት የሚያስከትለው አደጋ ስላለ ነው። በየሳምንቱ ድምፃችሁን ከሰባት ሰው ጋር ታመሳስላላችሁ። ተስማምታችሁ ትገፋላችሁ፣ ተስማምታችሁ ትስባላችሁ። ሁለት ዓመት ሲያልፍ አንድ ቀን ለብቻችሁ ስትጫወቱ ድምፃችሁ ትንሽ ሆኖ ታገኙታላችሁ። እኔ ላይ ደርሷል። አንዲት ጓደኛዬ ሶናታ ልናጠና ተቀምጠን "ለምንድን ነው የምትደበቂው?" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ልምምድ ባለብኝም ቀን ጠዋት አንድ ሰዓት የባኽ ነው። መጀመሪያ ረጃጅም ኖታ በባዶ ክር፣ ከዚያ ስኬል፣ ከዚያ አንድ የሱይት ክፍል። በወር አንድ ሱይት። ለማንም አልጫወተውም።

ኳርቴትም ያግዛል። አራት ሰው ሲሆን መደበቂያ የለም፤ ማስተባበር ግን አለ። ስትጀምሩ ሦስት ነገር ተስማሙ፦ ክፍያ እንዴት እንደሚካፈል፣ በሳምንት ስንት ልምምድ እንዳለ፣ አንዱ የተሻለ የሚከፍል ሥራ ቢመጣለት ምን እንደሚደረግ። የኛ የመጀመሪያው ኳርቴት የፈረሰው በሦስተኛው ነው። በሙዚቃው ላይ አንድም ቀን ተጣልተን አናውቅም።

ኮንሰርቱ ካለቀ በኋላ

ኖታውን ለኃላፊው በእጁ መልሱ። የክፍያ ጥያቄያችሁን በማግስቱ ላኩ። የሠራችሁበትን ቀን፣ የተከፈላችሁንና ያወጣችሁትን የምትጽፉበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ፤ ግብር ሲመጣ ታመሰግኑታላችሁ። ለቼሎዎቹ መሪ ሁለት መስመር ጻፉ፦ ስለ ጋበዙኝ አመሰግናለሁ፣ ከእናንተ ጋር መጫወት ደስ ብሎኛል። ሥራ አትለምኑ። ከዚያ ቤት ገብታችሁ የቀጣዩን ሳምንት ሙዚቃ አውጡ።

ያ ኦርኬስትራ ከአንድ ዓመት ከአራት ወር በኋላ ደወለልኝ፤ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነበር። ድምፁን አወቅኩት። ወረቀቴን ሳብኩና "ፕሮግራሙ ምንድን ነው?" አልኩት።